የእምሩ ዲግሪ

ከሀንጋሪ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለእታገኝ አስቻለው፣ ቀየት

እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ? የአባባ ጉልበት ተሻላቸው? ገብሱ ከውርጭ ተርፏል? በእኔ በኩል አሳብ አይግባሽ፤ ደህና ነኝ። ብርዱንም አትፍሪልኝ፤ ጓሳ ያሳደገውን ሰው የሚያንቀጠቅጥ ብርድ እዚህ ገና አልመጣም።

ይኸውልሽ፣ ጨረስኩ። ባለፈው ሳምንት ጥቁር ካባ አልብሰው ስሜን ጠሩና ወረቀቱን ሰጡኝ። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በድምሩ ስድስት ዓመት። ስሜ ሲጠራ የሚያጨበጭብልኝ ዘመድ አልነበረም፤ ከጎኔ የነበረው የሞንጎሊያ ሰው ግን አዝኖልኝ መሰለኝ ለሁለት ሰው ያህል አጨበጨበ። ያን ሰዓት ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አያታችን፣ አያ እምሩ።

የጓሳ አባ ቄራ በነበሩ ጊዜ፣ ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑ እሳቸው በነበሩ ጊዜ፣ አንድ ዘለላ ነቅለው በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉና ያዳምጡ ነበር። «አልጮኸም» ካሉ ሣሩ አልደረሰም፤ አገር ምድሩ ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔና አንቺም፣ የወንድማማች ልጆች፣ ከኋላቸው ተደብቀን እየነከስን «ጮኸ»፣ «አልጮኸም» እየተባባልን እንጣላ ነበር። ከንፈሬን የቆረጠኝ ምልክት አሁንም አለ። ስድስት ዓመት የተማርኩት ያንኑ ነው እኮ፤ እዚህ በጥርስ መሆኑ ቀርቶ በማሽን ሆነ እንጂ።

ጓደኛችን ይሥሐቅ ከደብረ ብርሃን እንደጻፈልኝ፣ ዘመሮ ያለው መሥሪያ ቤት ለጓሳ አንድ የሣርና የግጦሽ ባለሙያ በቋሚነት ሊቀጥር ነው። እታለሜ፣ ልመጣ ነው። እዚህ እንድቀር ጠይቀውኛል፤ እኔ ግን የምፈልገው ያንን አንድ ቦታ ነው። ማስረጃዬን በይሥሐቅ በኩል ልኬልሻለሁ፤ በእኔ ስም አስገቢልኝ። አንቺ በኮንትራት ሣር ቆጣሪ እንደመሆንሽ ደጃፋቸውን ታውቂዋለሽ። በየወሩ ቆጥረሽ ስትልኪልኝ የኖርሽው የሣር ቁጥርም ለመመረቂያ ጽሑፌ ጠቅሞኛል፤ መምህሬ ወዶታል።

ሣሩ የት ደርሷል? ወገብ ይሆናል?

የአያ እምሩ አምላክ ይጠብቅሽ።
ወንድምሽ በኃይሉ


ከቀየት
ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም በኃይሉ ጫኔ

እንኳን ደስ ያለህ፣ ለዚህ ያበቃህ መድኃኔዓለም ይመስገን። ኔት ከጠፋ ወዲህ ወሬ በእግሩ ነው የሚሄድ፤ ደብዳቤህን ይሥሐቅ አትሞ በአውቶቡስ ሰው ልኮልኝ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ይህንንም እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል።

ለአባትህ ለጋሼ ጫኔ ምሥራቹን ነገርኳቸው። በሬዎቹን ፈቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ተመለሱና «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ማታም አስደገሙኝ። ጉልበታቸው ያው ነው፤ ዳገቱን በዱላ ነው የሚወጡት። ገብሱን ውርጭ ከዳር ብቻ ቀምሶት አልፏል። ሣሩ ወገብ አልፎ ደረት ደርሷል፤ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሊከፈት ነው።

ፋይልህን ይዤ ዘመሮ ሄድኩ። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ቴዎፍሎስ ይባላሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ክፋት ግን የለባቸውም። ዲግሪህን ዘረጉና «አመልካቹ ማን ነው?» አሉኝ። በኃይሉ ጫኔ እምሩ አልኳቸው። ዲግሪው ላይ ያለው ግን «እምሩ በኃይሉ ጫኔ» ነው። ደጋግመው አነበቡት፤ እኔም አነበብኩት። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «እህቴ፣ የተመረቀው የአመልካቹ ልጅ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ሳታገባ ልጅህ ሁለተኛ ዲግሪ ያዘልህ። አያ እምሩም ፊደል ሳይቆጥሩ አልፈው፣ የልጅ ልጃቸው ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ፈረንጅ አገር ተመረቁ። እዚያው ቢሮ ውስጥ ሳቄ አምልጦኝ አፈርኩ።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አቶ ቴዎፍሎስ አስቀምጠው አስረዱኝ። ውጭ አገር የተማረ ሲመጣ አለቆች ሁለት ዓይነት ናቸው አሉ፤ አንዱ ባዕድ ፊደል ሲያይ ከወንበሩ ይነሣል፣ ሌላው «ይህ ሰው ጭቃችንን ይረግጣል?» ብሎ ይጠራጠራል። ሁለቱም ቢሆኑ ከአዲስ አበባ የአቻ ግምት ካልመጣ አይቀጥሩም፤ ስሙ ካልተስተካከለ ደግሞ የአቻ ግምት አይሰጥም። በርቀት የተማረ ሲመጣ ግን አለቆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ሲማር ማን አየው?» ነው የሚሉት።

በመደበኛ የተማሩት የጓሳን ብርድ ሰምተው አልመጡም። ያመለከታችሁት ሁለት ብቻ ናችሁ፤ አንተና አንዲት በርቀት የተማረች ሴት።

ስሙን ቶሎ አስተካክል።
እህትህ እታገኝ


ከሀንጋሪ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ

ሰላምታዬ ከዚያ ዳገት ይድረስልሽ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

አያ እምሩ ተመረቁ ያልሽውን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለችው አሮጊት ቦታ ቀየረች። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ አገር ሰው የቤተሰቡን ስም አስቀድሞ፣ የራሱን አስከትሎ ነው የሚጠራው። እኔ ስመዘገብ ፎርሙ ላይ «የመጨረሻ ስም» የሚል አየሁና እምሩ ብዬ ሞላሁ። እነሱ ደግሞ መጨረሻዬን ወስደው መጀመሪያዬ አደረጉት። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሚስተር እምሩ» ሲሉኝ ዞር ብዬ አያታችንን እፈልግ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት።

አሁን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲው «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ወረቀት ነው፤ ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው ከእናንተ ዘንድ የሚያውቁኝ ሰዎች ቀርበው የሚሰጡት የምስክርነት ቃል ነው። አንቺና አባባ፣ ከጎረቤትም አንድ ሰው ጨምራችሁ ዘመሮ ሄዳችሁ ፈርሙልኝ። ያላንቺ አይሆንም፤ ጽሑፍ የምታነብ የቅርብ ዘመዴ አንቺ ነሽ።

ስለ ተፎካካሪዬ ግን እንቅልፍ አላጣም። በርቀት የተማረች አልሽ? እሱማ ዲግሪ አይባልም እታለሜ፤ ሞጁል ተሸክሞ መመላለስ ነው። ቤቷ ተቀምጣ ስለ ሣር ምን ታውቃለች? መንግሥትም ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

የአያ እምሩ የአባ ቄራነት በትር አሁንም እቤት ተሰቅሏል?

ወንድምሽ በኃይሉ


ከቀየት
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ሳይላክ የቀረ)

በኃይሉ

ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

አንተ በሄድክ በዓመቱ ተመዘገብኩ። ብወድቅ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሼም የነገርኳቸው በሦስተኛው ዓመት ነው። ለፈተና ደብረ ብርሃን ስወርድ ለጎረቤት «ታቦት ልሳለም ነው» እል ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዓመት አራት ጊዜ የምትሳለም ሴት ተብዬ ተመስግኛለሁ። ሞጁሎቹን የማስቀምጠው ከጎተራው ራስ ላይ ነው። አንዱን አይጥ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ በልቶብኝ፣ ከአራተኛው ጀምሬ አንብቤ ተፈትኜ «ቢ» አገኘሁ። አይጡም ቢፈተን ያልፍ ነበር።

ያልገባኝን የምጠይቀው መምህር አልነበረኝም። ስለዚህ ሞጁሉን ይዤ ጓሳ እወጣና ሣሩን እጠይቀው ነበር። «ጨረንፌ የሚበዛው ሣር በተጎዳበት ነው» ይላል ሞጁሉ። ሄጄ አያለሁ፤ ያ ቢጫ አበባ ከበጎቹ መንገድ ዳር ተደርድሯል፣ እውነት ነው። አንዳንዴም ሞጁሉ ይሳሳታል፤ ያንን ዳር ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሐምሌ ስመረቅ አዳራሽ አልሄድኩም፣ ካባም አልለበስኩም። ወረቀቱን ተቀብዬ በማግሥቱ ሣር ቆጠራ ወጣሁ።

ማስረጃዬን ያስገባሁት ያንተ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ነው። ያንተ ሲመጣ ምን ላድርግ? ይዤልህ ሄድኩ። አቶ ቴዎፍሎስ ሁለቱን ፋይል አጠገብ ላጠገብ ሲያስቀምጡት ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ደብዳቤህን ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንን ደብዳቤ ግን ሁለት ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም። ቤቷ ተቀምጣ ስለ ሣር ምን ታውቃለች አልክ። እኔን። ስድስት ዓመት የኮንትራት ሣር ቆጣሪ ሆኜ፣ በዝናብ ተንበርክኬ በአራት ድንጋይ መካከል ገመድ ዘርግቼ አንድ አንድ ስቆጥር የኖርኩትን።

አሁን ደግሞ ስሜን አረጋግጪልኝ ትለኛለህ። ካልፈረምኩ ፋይልህ ይወድቃል፣ ቦታው የእኔ ይሆናል። ከፈረምኩ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘህ ትገባለህ፣ እኔም ገመዴን ይዤ ስቆጥር እኖራለሁ፤ ላንተ።

ይህንን አልልከውም።


ከቀየት
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበኃይሉ ጫኔ

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ በርትቷል።

ባዘዝከው መሠረት እኔ፣ ጋሼ ጫኔና ጎረቤታችን ገብረየሱስ ዘመሮ ሄደን መስክረናል። ጋሼ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። እሳቸው በጣታቸው፣ እኔ በእጄ ፈርመናል። ከመፈረሜ በፊት አቶ ቴዎፍሎስ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው።

ወረቀቱን ለይሥሐቅ ልኬዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲህ የሚጠበቀውን አንተ አድርስ።

በትሩ እንደተሰቀለ ነው።

እታገኝ


ከሀንጋሪ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣ ብትፈቅጅልኝ አሁንም እንዲህ ብዬ ልጥራሽ

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ አልጻፍኩልሽም። እየጀመርኩ እቀደዋለሁ።

ይሥሐቅ የላክሽለትን ወረቀት ሁሉ ሳይመርጥ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከምስክርነቱ ጀርባ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ነበር፤ አብሮ መያያዙን ያወቅሽ አይመስለኝም። የአመልካቾች ስም ዝርዝር ይላል። ተራ ቁጥር አንድ፣ እምሩ በኃይሉ ጫኔ፣ ውጭ አገር። ተራ ቁጥር ሁለት፣ እታገኝ አስቻለው እምሩ፣ በርቀት። ዝርዝሩን እምሩ ጀምሮት እምሩ ጨረሰው።

ያንን ደብዳቤዬን የጻፍኩበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። አፈርኩ እታለሜ። ለምን አልነገርሽኝም ልልሽ አሰብኩና መልሼ ራሴን ጠየቅሁ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬሽ አውቃለሁ? ያሉኝን ደብዳቤዎች ሁሉ አየሁ። አንድም ቦታ የለም። ስለ ገብሱ ጠይቄያለሁ፣ ስለ አባባ ጠይቄያለሁ፣ ስለ ሣሩ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፌን ከመደርደሪያው አወጣሁ። አሥራ አራት ሰንጠረዥ አለው፤ አሥራ ሦስቱ ያንቺ ቁጥር ነው። ከኋላው ያያያዝኩት ባለ መስመር የደብተር ወረቀት ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ላይ የዝናብ ጠብታ ቀለሙን አሟምቶታል። በምስጋናው ገጽ መምህሬን አመስግኛለሁ፣ የላቦራቶሪውን ሰዎች በስም ጠርቻለሁ፣ አንቺን ግን «መረጃ ለሰበሰቡልኝ» ብዬ አልፌሻለሁ። ስምሽ የለም። አንቺ በጉም ውስጥ ተንበርክከሽ የቆጠርሽውን እኔ ሞቃት ክፍል ተቀምጬ ደመርኩት። ጓሳን በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን አልረገጥኳትም።

የርቀት ተማሪው እኔ ነኝ።

እንዲህ አድርጌ ላርመው፤ ፋይሌን ከመሥሪያ ቤቱ አነሣለሁ። መልስሽን ጠብቄ እጽፍላቸዋለሁ። ዝም ካልሽኝ እንደተስማማሽ እቆጥረዋለሁ።

በኃይሉ


ከቀየት
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም በኃይሉ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ዝም አላልኩም፣ እንዳትሳሳት፤ ደብዳቤህ ስለዘገየ ነው። ፋይልህን እንዳትነካ ብዬ በይሥሐቅ ስልክ ያስላክሁልህ መልእክት ደርሶሃል ብዬ አምናለሁ።

በሐዘኔታ በተሰጠኝ ወንበር አልቀመጥም። «ወንድሟ ተወላት» ይሉኛል፤ ያኔ ዲግሪዬን ሁለት ጊዜ በርቀት አገኘሁት ማለት ነው። በፈተና እንገናኝ። ካሸነፍከኝ ገመዱን አብረን እንይዛለን፣ ካሸነፍኩህ አንተ ትይዘዋለህ። ፈተናው ሚያዝያ 20 ነው። ከዩኒቨርሲቲህ የሚመጣው ወረቀት እስከ መጋቢት 30 ከገባ ስምህ ይጸድቃል፤ ካልገባ ፋይልህ በራሱ ይዘጋል።

በታኅሣሥ የጻፍኩልህንና ያልላክሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። አንብበህ ጣለው፤ ቂሜ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። አቶ ቴዎፍሎስ የጠየቁኝንም ልንገርህ። መነጽራቸውን አውርደው፣ «እዚህ ላይ ስትፈርሚ ተፎካካሪሽን በገዛ እጅሽ እንደምታስገቢ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እኔም፣ «የጠየቃችሁኝ ይህንን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ብላችሁ ነው። አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

ጓሳ ባለፈው ሳምንት ተከፈተ። ብታየው እንዴት ደስ ባለህ። ማለዳ ከየአቅጣጫው በአህያና በፈረስ እየመጣ፣ ማጭዱን በጎኑ ሸጉጦ፣ ጉም ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱ። የአሁኑ አባ ቄራ እንደ አያ እምሩ አይነክስም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። እኔ ግን አንድ ዘለላ ነቅዬ በቀስታ ነከስኩት። ጮኸ። አንተ ብትኖር «አልጮኸም» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሰው ብርዱ ነው ብሎ አለፈኝ።

ጋሼ ለጣራው ሦስት ሸክም አግኝተዋል። ያንተን ቤት ነው የሚከድኑት፤ ማን እንደሚገባበት አይጠይቁም፣ ይከድናሉ ብቻ።

እህትህ እታገኝ


ከሀንጋሪ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ

እንደምን አላችሁ? አጭር ነው የምጽፈው።

የስም ማስተካከያው ወረቀት አልወጣልኝም። የዚህ አገር ቢሮም እንደ እኛው ነው፤ ዛሬ ነገ ይላል። እስከ መጋቢት 30 የሚደርስ አይመስለኝም። ሳይሆን ቀረ፤ እድሌ ነው። አንቺ ተፈተኚ፣ ስለ እኔ አሳብ አይግባሽ፣ ፋይሌን አልነካሁም።

ለፋሲካ በሚመጣ ሰው የመመረቂያ ጽሑፌን ልኬልሻለሁ። ለቃለ መጠይቁ ይዘሽው ግቢ። የምስጋናውን ገጽ በእጄ አርሜዋለሁ።

በኃይሉ


ከቀየት
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም በኃይሉ

እግዚአብሔር ይመስገን። ከትናንት በስቲያ የቅጥር ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ስሜን እስከ አያት ጽፈውታል። የሣርና የግጦሽ ባለሙያ፣ የሥራ ቦታ ጓሳ።

የጽሑፍ ፈተናው አልከበደኝም። የከበደው ቃለ መጠይቁ ነው። ከኮሚቴው አንዱ፣ ደህና የለበሰ ሰው፣ ዲግሪዬን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ሲማሩ ማን አየዎት?» አለኝ። ይህንን ጥያቄ አምስት ዓመት ስጠብቀው ነበር። ከዚያ መጽሐፍህን አወጣሁና ከኋላው ገልጬ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ያ ዝናብ የነካው ወረቀት ወጣ። «ይህ እጅ ጽሑፍ የእኔ ነው፤ ቁጥሩን ውጭ አገር መርምረው ትክክል ነው ብለው ዲግሪ ሰጥተውበታል» አልኩ። አቶ ቴዎፍሎስ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደግሜ አንድ መስመር እንድጽፍ አዘዙኝ፣ አስተያዩት። ከዚያ ለኮሚቴው፣ «የውጭውን አላምንም የምትሉ የርቀቱን እዩ፤ የርቀቱን አላምንም የምትሉም የውጭውን እዩ» አሉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ምስጋናውን ያነበብኩት እቤት ገብቼ ነው። ስሜን በአማርኛ ጽፈኸዋል፤ የአባቴንም፣ የአያታችንንም። እዚያው ገጽ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ምልክት አድርገህበት የረሳኸው መሆን አለበት። እንግሊዝኛዬ የሞጁል እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ገባኝ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ዩኒቨርሲቲው ያረጋግጣል ይላል። ማኅተም አለው፣ ቀንም አለው። ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ የካቲት 17። አንተ ግን መጋቢት 25 ላይ «አልወጣልኝም» ብለህ ጽፈህልኛል።

ፋይሌን አልነካሁም አልክ። እውነትህን ነው፣ አልነካኸውም። ስቆጣብህ ሁለት ቀን ከረምኩ፤ ለማን እንደምናገረው ግን አጣሁ። ውሸትህ ግን አያምርብህም በኃይሉ፤ ድሮም ሣሩ ሳይጮህ ጮኸ ስትል አውቅብህ ነበር።

ወረቀቱን መልሼ ልልክልህ ነው። ሌላ ቦታ ይወጣል፤ አቶ ቴዎፍሎስ ለሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ሰው እጠይቃለሁ ብለውኛል። ያኔ በስምህ ትገባለህ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። መጽሐፉን ጋሼ ጫኔ አይተው «ማን ጻፈው?» አሉኝ። የሽፋኑን ስም እንዳለ አነበብኩላቸው፤ እምሩ በኃይሉ ጫኔ። «አባቴ?» አሉ። ነገሩን ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ የፈረንጁን አጠራር፣ የፎርሙን፣ የስም ማስተካከያውን ወረቀት። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ምን ይላል ውስጡ?» አሉ። መካከሉን ገልጬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ጓሳ በሚከፈትበት ዓመት አጨዳው ከዳር ይጀመር፣ መሐሉ ዘር ጥሎ እስኪጨርስ ይቆይ፣ ያኔ ጨረንፌ ቦታ አያገኝም የሚለውን፤ ስድስት ዓመት የለፋህበትን።

ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው የአባ ቄራው በትር ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«ይህንንማ አባቴ ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ታዲያ ስሙ ትክክል ነው፤ ምኑን ነው የምታስተካክሉት?»

እህትህ
እታገኝ አስቻለው እምሩ